ስለ ዝንጅብል ጥቅምና ስለ ልኩ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጉራጌ አገር የሚሄድ መንገደኛ ዓለም ገና ሲደርስ መንገዱ በሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው በሰበታ፥ በተፍኪ፥ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፎ፥ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወልቂጤ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ የአዋሽን ወንዝ በመልካ ቁንጡሬ ይሻገርና፥ የጢያን ትክል ድንጋዮች በጐን እያሳየ፥ በቡኢ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቡታጅራ ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የጉራጌ ተራሮች ከነዝቢዳር ቆመው ይጋርዳሉ፤ ስለዚህ ወልቂጤ ፊቷን ወደ ጊቤ ቈላ፥ ቡታጅራም ፊቷን ወደ ስምጥ ሸለቆ መልሳ ተቀምጣለች። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው።

ይህ ገጽ ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ የሚነገርበት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ ሁለቱ ከተሞች አስተዳደርና ታሪክ ለመጻፍ አላሰብንም። አሳባችን በሁለቱም ገበያ ስለሚገኝ፥ በየማድቤቱም ስለማይታጣ አንድ ቅመም፥ ይኸውም ስለ ዝንጅብል ነው። ይህ ቅመም በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ አለው፤ ለወጥ ቅመም፥ ለሕመምተኛም መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ሥራው የሚከራከረው የለም። በሁለተኛው ሥራው ግን የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ስለሚገባ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመለከታለን።

በሁለቱም ከተሞች ገበያ በቅመም ተራ የሚያልፍ ሰው ዝንጅብልን በሦስት መልክ ያገኘዋል። አንዱ እርጥቡ ነው፤ አፈሩ ሳይራገፍለት እንደ ጣት ተቀጣጥሎ ይሸጣል። ሁለተኛው ደረቁ ነው፤ ቀለሙ ወደ አመድ ያደላ፥ ሲሰብሩት ቀጭ የሚልና ውስጡ ጭረት ያለው ነው። ሦስተኛው ተፈጭቶ በላስቲክ የተቋጠረው ዱቄት ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው ቢባል ስሕተት ነው፤ ኃይላቸውም ዋጋቸውም ተአማኒነታቸውም ይለያያልና።

በወልቂጤና በቡታጅራ የሚሸጠውን ዝንጅብል ያየ ሰው እዚያው የበቀለ ይመስለዋል። ዋናው የዝንጅብል እርሻ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ፥ በከምባታ በሐዳሮ አካባቢ፥ በሐዲያና በወላይታ ነው። ዝንጅብል ሙቀትና ብዙ ዝናም የሚወድ ተክል ስለ ሆነ የእንሰቱ ደጋ አይስማማውም። ተክሉ የሚራባው በዘር ፍሬ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ ከሚገኘው ከግንዱ ቍራሽ ነው። በተለምዶ ሥር እንለዋለን እንጂ፥ የዕፅዋት ሊቃውንት በመሬት ውስጥ የሚተኛ ግንድ መሆኑን ያስረዳሉ። ገበሬው ቍራሹን በበልግ ዝናም ተክሎ፥ ለማድረቂያ የሚሆነውን እስኪያወጣ ድረስ ከ8 እስከ 10 ወር ይጠብቃል።

ይህን ያህል ጊዜ የተጠበቀው ሰብል ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቅ ጥፋት ደረሰበት። አጠውላጊ የሆነ የባክቴሪያ በሽታ በዝንጅብል እርሻዎች ላይ ገብቶ፥ ቅጠሉን እያጠወለገ፥ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል እያበሰበሰ፥ በብዙ ቀበሌዎች ማሳውን ከሞላ ጐደል ባዶ አስቀረው። በዝንጅብል ሽያጭ ልጁን ያስተምር፥ ግብሩን ይከፍል የነበረ ገበሬ ሌላ ሰብል ለመፈለግ ተገደደ። በሽታው በአፈርና በተበከለ የተክል ቍራሽ ስለሚተላለፍ፥ መከላከያው ንጹሕ ተክል መትከልና በዚያው መሬት ላይ ሌላ ሰብል እያፈራረቁ መዝራት ነው። እንግዲህ በቡታጅራ ገበያ አንዲት መደብ ዝንጅብል የምትገዛ እመቤት የምትገዛው የአንድን ገበሬ የዓመት ተስፋ መሆኑን ማሰብ ይገባታል።

ቅመም በሸጠው ሰው አገር የበቀለ መምሰሉ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1,900 ዓመት በፊት የነበሩት ዲዮስቆሪዶስ የተባለው የግሪክ ሐኪምና ፕሊንዮስ የተባለው የሮም ጸሐፊ ዝንጅብል በዐረብ አገርና በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለው በትሮጎዲት ሰዎች አገር የሚበቅል መስሏቸው ጽፈዋል። ፕሊንዮስ የአንዱ ፓውንድ ዋጋ 6 ዲናር እንደ ነበረ ጨምሮ ይናገራል። እውነተኛው የተክሉ አገር ግን እስያ ነው፤ ነጋዴዎች በቀይ ባሕር በኩል ስላመጡት የተቀበለው ሰው ምንጩን ከነጋዴው ጋራ አዛመደው። ስሙም እንደ ራሱ መንገደኛ ነው፤ ከህንድ ቋንቋዎች ተነሥቶ ወደ ግሪክም ወደ ዐረብኛም ገባ፤ ዝንጅብል የምንለውም ከዐረብኛው ጋራ አንድ ነው። በቍርኣን በ76ኛው ምዕራፍ ለጻድቃን ከሚቀርበው መጠጥ ጋራ ስሙ ተነሥቷል። በአንጻሩ የዝንጅብል ወገን የሆነው ኮረሪማ የአገራችን ተወላጅ ነው። እርድም ሄልም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ በአንዲት የቅመም ሌማት ላይ የአገሩ ልጅና ከባሕር ማዶ የመጡት ዘመዶቹ አብረው ይቀመጣሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡታጅራ ማድቤት እንግባ። በዚህ ክፍል ስሙ የገነነው በርበሬ ነው። ማረቆ የቡታጅራ ጎረቤት ስለ ሆነ፥ ማረቆ ፋና የተባለው የታወቀ የበርበሬ ዝርያም ስሙን ከዚያው ስላገኘ፥ የበርበሬ ወራት ሲደርስ ቀዩ ዛላ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ይታያል። በርበሬ ግን ብቻውን በርበሬ አይሆንም። ባለሞያዋ ዛላውን ቀንጥሳ ካጸዳች በኋላ፥ እርጥብ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፥ በሶብላም ጨምራ በሙቀጫ ትደልዘዋለች፤ አምቃ ካሳደረች በኋላ በፀሐይ ታሰጣዋለች፤ ሲደርቅ ኮረሪማውን፥ ጥቁር አዝሙዱን፥ ነጭ አዝሙዱንና ሌላውን ቅመም አምሳ ትጨምርና ወደ ወፍጮ ትልከዋለች። በዚህ ሥራ ዝንጅብሉ የሚሰጠው የማቃጠል ኃይል ብቻ አይደለም፤ የበርበሬውን ደረቅ ቍጣ ያለዝባል፥ ሽታም ይሰጠዋል። ዝንጅብል የጐደለው በርበሬ ወጥ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ያምራል እንጂ ጣዕሙ ባዶ ይሆናል ሲሉ ባለሞያዎች ይናገራሉ።

ወደ ወልቂጤ በኩል ያለው የሰባት ቤት ጉራጌ ማድቤት ደግሞ በክትፎው ይታወቃል። የክትፎ ነገር የሥጋው ብቻ ሳይሆን የቅቤውም ነገር ነው። ቅቤው በዝግታ ቀልጦ አረፋው ከተገፈፈ በኋላ ኮሰረትና ኮረሪማ ይገባበታል፤ በአንዳንድ ቤት ነጭ ሽንኩርት፥ እርድና ዝንጅብልም ይጨመራል። ለወጥ በሚነጠረው ቅቤ ዝንጅብል ደፈር ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ለክትፎ በሚሆነው ቅቤ ግን ኮሰረትና ኮረሪማ ገዢዎች ስለ ሆኑ ዝንጅብሉ ከገባም አንገቱን ደፍቶ ነው። ይህ የልክ ጥበብ ነው። ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌላው አገር ወደ ትውልድ ቤቱ የሚገባው የጉራጌ ተወላጅ፥ በጣባው ላይ ከአይብና ከጎመን ጋራ በቆጮ የሚቀርብለትን ክትፎ ሲቀምስ የእናቱን እጅ የሚለየው በዚህ ልክ ነው።

ስለ ዱቄቱ ደግሞ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። እርጥብ ዝንጅብል አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ከሚሆነው እርጥብ የሚገኘው ደረቅ 1 ኪሎ ያህል ነው። በእርጥቡ ውስጥ ጂንጀሮል የሚባል የሚያቃጥል ነገር አለ፤ ሲደርቅ ከዚሁ ከፊሉ ተለውጦ ሾጋኦል የሚባል ከፊተኛው የበለጠ የሚያቃጥል ይሆናል። ስለዚህ ዱቄት በእርጥቡ ምትክ የሚገባ ሲሆን መጠኑን እጅግ መቀነስ ይገባል፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ በተከተፈ እርጥብ ፈንታ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ዱቄት ይበቃል። ነገር ግን ሲደርቅና ሲፈጭ የማቃጠሉ ኃይል ቢበረታም፥ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት በነፋስ እየተነነ ይሄዳል። ዓመት ሙሉ በክፍት ዕቃ የቆየ ዱቄት የሚያቃጥል ብናኝ እንጂ ቅመም አይደለም።

በቤት ለማዘጋጀት ብልሃቱ ቀላል ነው። ዝንጅብሉን አጥቦ ልጣጩን በስሱ መፋቅ ነው፤ የሽታው ዘይት ከልጣጩ ሥር ተጠግቶ ስለሚገኝ በጥልቅ መላጥ ሀብትን መጣል ይሆናል። ከዚያ በኋላ በቀጭኑ ቈራርጦ፥ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በንጹሕ ጨርቅ አስጥቶ፥ ሌሊት ከጤዛ እያስገቡ፥ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ድረስ ማድረቅ ነው። ደረቁን ሳይፈጩ በደረቅ ዕቃ አስቀምጦ፥ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ወቅጦ በወንፊት ነፍቶ፥ አፉ በሚገጠም ብልቃጥ ከብርሃን አርቆ ማኖር መልካም ነው።

ይህን ድካም የምንመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። በእርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ወይም ሳይደርቅ የተከማቸ ቅመም ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ይህ መርዝ በወጥ መፍላት አይጠፋም። ደግሞም የቅመምን ጥሬ መልክ ዓይን ሊመረምረው ይችላል፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ባዕድ ነገር ቢቀላቀልበት በዓይን መለየት ያስቸግራል። በባንግላዴሽ አገር የዝንጅብል ዘመድ የሆነውን እርድ ቢጫነቱ እንዲያምር ነጋዴዎች እርሳስ ያለበት ቀለም ይጨምሩበት እንደ ነበረ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2019 የታተመ ምርመራ ገልጧል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው። ስለዚህ ዱቄት ከመግዛት ደረቁን መግዛት፥ ደረቁንም ሰብሮ ውስጡን አይቶና አሽትቶ መግዛት የብልህ ሥራ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒትነቱ እንመጣለን። በጉራጌም ሆነ በቀረው አገራችን ጉንፋን የያዘው ሰው ዝንጅብል በሻይ አፍልቶ ማር ጨምሮ ይጠጣል፤ ሆዱን የነፋው በትንሹ ያኝከዋል፤ ጕሮሮውን ያመመው ከነጭ ሽንኩርት ጋራ ይወስደዋል። ይህ ልማድ ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ባሳተመው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ዝንጅብልን ከሌሎቹ ጋራ አስገብቶ፥ ለማቅለሽለሽና ለማስመለስ የሚጠቅም መሆኑን መስክሯል። በ1982 ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች 36 ሰዎችን በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲፈትኑ፥ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ የዝንጅብል ዱቄት ለዚሁ ከሚሰጠው የታወቀ ኪኒን የበለጠ ማቅለሽለሽን እንደ ከለከለ አይተዋል። በኋላ የተደረጉት ፈተናዎች ሁሉ በመንገድ ሕመም ላይ እንዲህ ያለ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም፤ ለነፍሰ ጡር ሴት የጧት ማቅለሽለሽ ግን የተገኘው ማስረጃ የተሻለ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጥቂት ዝንጅብል በከረጢቱ የያዘ መንገደኛ እንግዲህ የሚሣቅበት ሰው አይደለም።

ነገር ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። ለነፍሰ ጡር በፈተና የተሰጠው መጠን በቀን 1 ግራም ያህል፥ ይኸውም ተከፋፍሎ ነው፤ ከዚህ በላይ ከመውሰዷ በፊት ሐኪሟን መጠየቅ ይገባታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፥ እንደ ዋርፋሪን ያለ፥ የሚወስድ ሰውና የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ዝንጅብልን በመድኃኒት መጠን ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ያማክር። ጨጓራውን የሚያቃጥለው ሰው ቢቀንስ ይሻለዋል። ከላይ የተጠቀሰው መጽሐፍ ለመድኃኒት ሲሆን ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ይመክራል። ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከቶ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል የተሕዋሲ ዘር ለሕፃን አንጀት ብርቱ መርዝ ሊያወጣ ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው። በቡታጅራ ዙሪያ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር የሚገኘው የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው አንድ ታላቅ የጤና ምርመራ ጀመሩ። መዝጋቢዎች በየቀበሌው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን ይጽፉ ነበር። ከዚህ መዝገብ የተገኘው ትምህርት ያሳዝናል፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ከገደሉት በሽታዎች ግንባር ቀደሞቹ የሳንባ ምችን የመሳሰሉት የመተንፈሻ አካል በሽታዎችና ተቅማጥ ነበሩ። ሁለቱም ሲጀምሩ ትንሽ ይመስላሉ። አንዱ እንደ ጉንፋን፥ ሌላው እንደ ሆድ ቁርጠት ሆኖ ይመጣል፤ ማለትም ሁለቱም ዝንጅብል በሚፈላባቸው ምልክቶች ይገባሉ።

እንግዲህ አደጋው ዝንጅብል መርዝ በመሆኑ አይደለም። አደጋው ጊዜ በመውሰዱ ነው። እናት ዛሬ ማታ አፍልታ፥ ነገ እስኪሻለው ብላ፥ ከነገ ወዲያም ጨምራ ስትጠብቅ የሕፃኑ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በማድቤት ካለው ብልቃጥ ጋራ ይህን ቍጥር ማወቅ ይገባል። ልጁ ሳያለቅስ፥ ተረጋግቶ ሳለ፥ ለ1 ደቂቃ ትንፋሹ ይቈጠር። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ያሠጋዋል። ትንፋሽ ሲስብ ከጐድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከተሰረጐደ፥ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፥ ከአንቀጠቀጠውም ቀን ይሁን ሌሊት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በጊቤ ቈላና በስምጥ ሸለቆው በኩል ብርድ ብርድ እያለ የሚያተኵሰው ሰውም ደሙ ለወባ ይመርመርለት። ዝንጅብል ላብ ያስወጣ ይሆናል፤ የወባን ተሕዋሲ ግን አይገድልም። ተቅማጥ የያዘው ልጅም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ መጠጣት ነው።

ይህን የልክ ነገር በቅርቡ ዘመን ሁላችንም አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ተሕዋሲ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ሕዝቡ ዝንጅብል፥ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ለመግዛት ተሻማ፤ ዋጋውም በጥቂት ቀን ውስጥ ሰማይ ወጣ። ትኵስ ነገር መጠጣት ጕሮሮን ያሳርፋል፤ ያን ወረርሽኝ ለመከልከል ግን ቅመም ብቻ እንዳልበቃ ጊዜ አስተምሯል። የፈራ ሰው በእጁ ያለውን መያዙ አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው የያዘው ነገር በቃኝ ብሎ እጁን መታጠብና መራቁን የተወ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። በወልቂጤም በቡታጅራም መንገድ የምታልፉ አንባቢዎቻችን ደረቁን ዝንጅብል መርጣችሁ ግዙ፤ ለቤታችሁ በጥቂት በጥቂቱ ፍጩ፤ ለበርበሬው በድፍረት፥ ለክትፎው ቅቤ በትሕትና፥ ለጉንፋኑ ሻይ በልክ አድርጉ። የልጃችሁ ትንፋሽ በፈጠነ ጊዜ ግን ብረት ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ ልጁን አንሡ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚሁ ነው። ዝንጅብል በወጥ ቤት ታማኝ አገልጋይ ነው፤ አገልጋይን ግን ከሥራው በላይ አዝዞ ባልቻለው ጊዜ መውቀስ የጌታ ጥፋት እንጂ የአገልጋይ ጥፋት አይደለም።